የጉለሌ ዳገትና የትንሽ ሞተር ሳይክል ወጪ

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅት በአነስተኛ አቅም ሞተር ሳይክል ገዝቶ፣ ጠግኖና መንዳት ተምሮ ለመገልገል ለሚያስብ ሰው የሚጠቅም ዕውቀት የሚቀርብበት ሲሆን፣ ማብራሪያው ከአንድ አካባቢ መልክዓ ምድር ጋር የተያያዘ ነው፤ አካባቢውም በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌና ጎን ላይ የተዘረጋው ጉለሌ ክፍለ ከተማ ነው። ትንሽ ሞተር ሳይክል ሲባል የሲሊንደሩ ይዘት አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሆነ፣ ማለትም ፒስተኑ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስበት ቱቦ ከግማሽ ሊትር ጠርሙስ ሲሶ የማይበልጥ አየርና ነዳጅ የሚይዝ ተሽከርካሪ ነው። የዚህ ተሽከርካሪ ርካሽነት በጉለሌ የሚለካው በመግዣ ዋጋው ብቻ አይደለም፤ ዳገቱን ሲወጣ በሞተሩ፣ ቁልቁለቱን ሲወርድ ደግሞ በፍሬኑ ላይ የሚደርሰውን ድካም ባለቤቱ ምን ያህል አውቆ እንደሚይዘው ዋናው መለኪያ ነው።

ትንሽ ሞተር ሳይክል በብዙ አገሮች ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው የመጀመሪያ ተሽከርካሪ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የጃፓኑ ሆንዳ ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ለገበያ ያቀረበው ሱፐር ከብ የተባለው ሞተር ሳይክል እስከ 2017 ድረስ ከ100 ሚሊዮን በላይ የተመረተ ሲሆን፣ ለዚህ ያበቃውም ፍጥነቱ ሳይሆን ነዳጅ ቆጣቢነቱ፣ ክብደቱ መቅለሉና ሳይወሳሰብ የሚጠገን መሆኑ ነው። በኢትዮጵያ ከተሞችና የገጠር መንገዶች ላይ በብዛት የሚታዩት የሕንዶቹ ባጃጅ ቦክሰርና ቲቪኤስ ሞተር ሳይክሎችም በዚሁ አስተሳሰብ የተሠሩ በመሆናቸው በሜዳ መንገድ በአንድ ሊትር ቤንዚን ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ የሚችሉ ናቸው። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ከጀመረ ወዲህ ይህ ባሕርያቸው ለባለቤቱ ኪስ የበለጠ ትርጉም አግኝቷል።

በአዲስ አበባ ሞተር ሳይክል ለመያዝ ግን ከዋጋው በፊት ሕጉን ማወቅ ይቀድማል። የከተማዋ አስተዳደር በሞተር ሳይክል እየታገዘ የሚፈጸም ቅሚያና ዝርፊያ መበራከቱን ምክንያት በማድረግ፣ በ2011 ዓ.ም. ሰኔ ወር ማብቂያ ላይ ልዩ ፈቃድ ካላቸው በስተቀር ሞተር ሳይክሎች በከተማዋ እንዳይንቀሳቀሱ ከልክሎ እንደነበር ይታወሳል። ስለዚህ ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ አስቀድሞ ለታሰበው አገልግሎት፣ ለመልእክትና ለዕቃ ማድረስም ሆነ ለግል ምልልስ፣ በወቅቱ ምን ዓይነት ፈቃድ እንደሚጠየቅ ከከተማዋ የትራንስፖርት ቢሮ በአካል ቀርቦ ማረጋገጥ ይኖርበታል፤ በሰፈር ወሬ ላይ ተመሥርቶ የተገዛ ሞተር ሳይክል በር ላይ ቆሞ የሚያረጅ ዕቃ ሊሆን ይችላልና።

ከፈቃዱ ቀጥሎ የሚመጡት ሦስት ሰነዶች ናቸው። አንደኛው መንጃ ፈቃድ ሲሆን፣ የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድን በሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ሞተር ሳይክል ራሱን የቻለ ምድብ ስለሆነ ሠልጣኙ በማሠልጠኛ ተቋም የንድፈ ሐሳብና የተግባር ትምህርት ተከታትሎ መፈተን ይጠበቅበታል። ሁለተኛው የሦስተኛ ወገን መድን ነው፤ ይህም ተሽከርካሪው በሌላ ሰው አካልና ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ካሣ የሚከፈልበት፣ በሕግ ግዴታ የሆነ ዋስትና ነው። ሦስተኛው በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ ካለፉ በኋላ የሚሰጠውና በተለምዶ ቦሎ የሚባለው ማረጋገጫ ነው። የእነዚህ ወጪዎች ድምር ከግዢው ጋር በአንድነት ካልታሰበ ሞተር ሳይክሉን የገዛው ገንዘብ ለማንቀሳቀስ አይበቃም።

አድማጮች፣ ያገለገለ ሞተር ሳይክል መግዛት ለአነስተኛ በጀት የተለመደ መንገድ ነው፤ ሆኖም ምርመራ ይጠይቃል። ምርመራው ሊብሬ ከሚባለው የባለቤትነት መታወቂያ ደብተር ይጀምራል፤ በደብተሩ ላይ የተጻፈው የሻንሲ ቁጥር በሞተር ሳይክሉ አንገት አካባቢ በብረቱ ላይ ከተመታው ቁጥር ጋር፣ የሞተር ቁጥሩም በሞተሩ አካል ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል መመሳከር አለበት፤ የተፋቀ ወይም ዳግም የተቀባ ቦታ ከታየም ግዢው እዚያው ላይ መቆም ይገባዋል። ቀጥሎ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ እንዲነሳ ይጠየቃል፤ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆ ያቆየው ሞተር ጉድለቱን ይሸፍናል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ለመሆኑ ምልክት ሲሆን፣ መንስኤው ብዙውን ጊዜ ፋሻ የሚባሉት የፒስተኑ ቀለበቶች ማለቃቸው ነው፤ ጥቁር ጭስ ደግሞ ከአየሩ መጠን በላይ ነዳጅ እየገባ መሆኑን ያመለክታል። በመጨረሻም ገዢው የፊት ፍሬኑን ይዞ ሞተር ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ ቢገፋው በመሪው አንገት ላይ የሚሰማ መንኳኳት የኩሽኔታውን፣ ማለትም መሪው በቀላሉ እንዲዞር የሚረዱትን የብረት ኳሶች ማለቅ ይነግረዋል።

የጥቁር ጭሱ ነገር ወደ ጉለሌ አየር ይመራል። አዲስ አበባ በአማካይ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ሽሮ ሜዳ ከተባለው የጉለሌ ሰፈር በላይ ያለው የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ከፍታ በጨመረ መጠን የአየር ግፊት ስለሚቀንስ በ2,400 ሜትር ላይ ያለው ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል፣ በ3,000 ሜትር ላይ ደግሞ በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሞተር ነዳጅን የሚያቃጥለው በአየር ውስጥ ባለው ኦክስጅን በመሆኑ አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል፤ በባሕር ዳርቻ 8 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ሞተር በጉለሌ ከ6 ብዙም አይዘልም። ስለዚህም ከኋላ ሰው ጭኖ የእንጦጦን መንገድ የሚወጣ ትንሽ ሞተር ሳይክል በሁለተኛ ወይም በመጀመሪያ ማርሽ ቢያዘግም የአየሩ ባሕርይ እንጂ የግድ ብልሽት አይደለም፤ ይህን የማያውቅ ባለቤት ግን ላልተበላሸ ሞተር የጥገና ገንዘብ ሲከፍል ይገኛል።

በእርግጥ ሊስተካከል የሚችል ነገርም አለ። በአሮጌዎቹና በርካሾቹ ሞተር ሳይክሎች ላይ ነዳጅና አየርን የሚቀላቅለው ክፍል ካርቡራተር ሲሆን፣ በውስጡ ነዳጅ የምታልፍባት ትንሽ የናስ ቀዳዳ ከፋብሪካው የተመጠነችው አብዛኛውን ጊዜ ለዝቅተኛ ቦታ ነው። በከፍታ ላይ የአየሩ መጠን ሲቀንስ ነዳጁ በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ ነዳጅ ይበዛበታል፤ ውጤቱም የቤንዚን ብክነትና የጉልበት መድከም ነው። ይህን ለማወቅ የሚረዳው ርካሽ መሣሪያ ካንዴላ፣ ማለትም ድብልቁን የሚያቀጣጥለው የኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚፈጠርበት ዕቃ ነው። ሞተር ሳይክሉ ዳገት ወጥቶ እንደቆመ፣ ሞተሩ ከበረደ በኋላ ካንዴላው ተፈትቶ ጫፉ ሲታይ፣ ፈዘዝ ያለ ቡናማ ቀለም ከያዘ ድብልቁ ትክክል ነው፤ በደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከተሸፈነ ነዳጅ በዝቷል ወይም የአየር ማጣሪያው በአቧራ ታፍኗል፤ እርጥብና ዘይታም ከሆነ የፒስተኑ ፋሻ መመርመር ይኖርበታል፤ ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ከመሰለ ደግሞ ነዳጅ አንሶ ሞተሩ ከመጠን በላይ እየሞቀ ነው። ጥላሸት ሲታይ መካኒክ ከመጥራት በፊት የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ ማራገፍ ተገቢ ነው፤ በበጋ በኮረኮንች መንገድ የሚሄድ ሞተር ሳይክል ማጣሪያው ቶሎ ይዘጋልና። ጥላሸቱ ከዚያም በኋላ ካልቀረ መካኒኩ ቀዳዳዋን በአንድ ደረጃ በምታንስ እንዲለውጣት ይጠየቃል። በኮምፒውተር በሚታዘዝ መርጫ ነዳጅ የሚያገኙት አዳዲሶቹ ሞተሮች ይህን ማስተካከያ ራሳቸው ያደርጋሉ።

ዳገቱ ሞተሩን እንደሚፈትን ሁሉ ቁልቁለቱ ፍሬኑን ይፈትናል። ነጂውን ጨምሮ 170 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሞተር ሳይክል 400 ሜትር ከፍታ ወጥቶ በዚያው መንገድ ቢወርድ፣ በመውረድ ላይ መጥፋት ያለበት ኃይል ወደ 670 ኪሎ ጁል ይጠጋል፤ ይህም ሁለት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ነጂው ማርሹን አውጥቶ ወይም ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን ፍሪሲዮን ይዞ በፍሬን ብቻ ከወረደ፣ በንፋስ ከሚወሰደው በስተቀር ሙቀቱ በሙሉ የሚያርፈው ታምቡር በሚባለው የጎማው መሀል ክብና በውስጡ ባሉት የፍሬን ሸራዎች ላይ ነው። ሸራ ሲግል የመያዝ ኃይሉን እያጣ ስለሚሄድ፣ ነጂው ከተራራው ጫፍ ላይ የነበረውን ፍሬን ሽሮ ሜዳ ሲደርስ ላያገኘው ይችላል። መፍትሔው ገንዘብ የማይጠይቅ ሲሆን፣ ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ ነው፤ ነዳጅ ሳይሰጠው በዝቅተኛ ማርሽ የሚሽከረከር ሞተር ራሱ ጎማውን ስለሚይዘው ፍሬኑ የሚሸከመው ትርፉን ብቻ ይሆናል። ቤንዚን ለመቆጠብ ሲባል ሞተር አጥፍቶ ቁልቁለት መልቀቅ ግን ለጥቂት ብር ቁጠባ ሕይወትን አሲዞ እንደመበደር የሚቆጠር ልማድ ነው።

ይኸው ስሌት በከተማዋ እየተለመደ ስለመጣው የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክልም አንድ ጠቃሚ ነገር ያስተምራል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ የብዙ ሰው መነጋገሪያ ሆኗል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ የእንጦጦ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንሰውም። የተጠቀሰውን 400 ሜትር ለመውጣት የሚያስፈልገው ኃይል በመንገድ ላይ የሚባክነው ታክሎበት ወደ 0.23 ኪሎ ዋት ሰዓት ሲሆን፣ 72 ቮልትና 20 አምፔር ሰዓት ባትሪ የሚይዘው 1.44 ኪሎ ዋት ሰዓት ስለሆነ ዳገቱ ብቻውን የባትሪውን አንድ ስድስተኛ ገደማ ይበላል። ሻጩ በአንድ ሙሌት የሚነግረው የኪሎ ሜትር ብዛት የሜዳ መንገድ ቁጥር መሆኑን ገዢው ከዚህ መረዳት ይችላል። ይሁንና ኃይል ሳይሰጠው የሚሽከረከር የኤሌክትሪክ ሞተር ቁልቁለት ላይ እንደ ቤንዚኑ ጎማውን አይዝም፤ ስለዚህ በመውረድ ጊዜ ኃይሉን መልሶ ወደ ባትሪው የሚያስገባ ፍሬን ያለው መሆን አለመሆኑ ከግዢ በፊት የሚጠየቅ ዋና ጥያቄ ነው።

አድማጮች፣ የዘወትር እንክብካቤን በተመለከተ አብዛኛው ሥራ ባለቤቱ በራሱ እጅ ሊፈጽመው የሚችል ነው። የመጀመሪያው ዘይት ነው። በትንሽ ሞተር ሳይክል ውስጥ ያለው አንድ ሊትር ያህል ዘይት ሞተሩን፣ ካምቢዮ የሚባለውን የማርሽ ክፍልና ፍሪሲዮኑን በአንድነት የሚያገለግል በመሆኑ ከመኪና ዘይት ይልቅ ቶሎ ይደክማል፤ የየሞተሩ መመሪያ የሚለው እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ዳገትና ጭነት በበዛበት አካባቢ በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ አካባቢ መቀየር ብልህነት ነው። ለአንዳንድ መኪና የተዘጋጀ ዘይት በጣም የሚያንሸራትት ቅመም ስላለው ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል፤ በዚህ ምክንያት በዕቃው ላይ ጃሶ ኤም ኤ የሚል ምልክት ያለበት የሞተር ሳይክል ዘይት ይመረጣል። ሁለተኛው ሰንሰለት ነው። በታችኛው መስመሩ መሀል ላይ በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ሲነካ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር መወዛወዝ ይኖርበታል፤ ከዚህ የላላ ሰንሰለት ከጥርሱ ወጥቶ የኋላ ጎማውን ሊቆልፈው ሲችል፣ እጅግ የጠበቀው ደግሞ ኩሽኔታ ይጨርሳል። ሦስተኛው የጎማ ንፋስ ሲሆን፣ የሚያስፈልገው መጠን አብዛኛውን ጊዜ በሰንሰለቱ መሸፈኛ ላይ ወይም በመመሪያው ደብተር ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ጎሚስታ ዘንድ ማስለካት ከመውደቅና ከመነዳሪ ከመለወጥ ያድናል። መለዋወጫ ሲያስፈልግ የመርካቶው ሶማሌ ተራ ብዙ ምርጫ አለው፤ ሆኖም የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ገመድና ጎማ በርካሽነት የሚመረጡ ዕቃዎች አይደሉም።

መንዳት መማርም እንደ ጥገናው ሁሉ ቅደም ተከተል አለው። ትምህርቱ መጀመር ያለበት በሜዳማ ቦታ እንጂ በዳገት አይደለም። ሠልጣኙ አስቀድሞ ሞተሩ ጠፍቶ ሞተር ሳይክሉን በእግሩ እየገፋ ክብደቱንና ፍሬኑን ይላመዳል፤ ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ ፍሪሲዮኑን ቀስ እያለ ሲለቅ ሞተሩ ከጎማው ጋር መያያዝ የሚጀምርበትን ነጥብ በድምፁ መለወጥ ለይቶ ያውቃል፤ ቀጥሎም በዝግታ ክብ እየሠራ ዓይኑን ከፊት ጎማው ላይ አንስቶ ሊደርስበት ወደሚፈልገው ቦታ ማየትን ይለማመዳል። የፍሬን ትምህርት የፊቱንና የኋላውን በአንድነት፣ በድንገት ሳይሆን እየጨመሩ መያዝ ሲሆን፣ በሚቆምበት ጊዜ ክብደት ወደፊት ስለሚያዘነብል ትልቁን የማቆም ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው፤ ጀማሪዎች ግን እንገለበጣለን ብለው ፈርተው የኋላውን ብቻ ሲረግጡ ይታያል። ሠልጣኙ ወደ ዳገት የሚሸጋገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ዳገት ላይ ቆሞ ሲነሳ ቀኝ እግሩ የኋላውን ፍሬን እንደረገጠ፣ ግራ እጁ ፍሪሲዮኑን እስከ መያያዣው ነጥብ ለቆ፣ ቀኝ እጁ ነዳጅ ሲጨምርና ሞተሩ ወደፊት ሊገፋ ሲል ብቻ እግሩን ያነሳል። ይህን ሳያውቅ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወጣ ጀማሪ ከኋላው በቆመው ታክሲ ላይ መንሸራተቱ አይቀርም።

ክረምት ሲመጣ ስሌቱ ይለወጣል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነጂ አደጋ አይቶ እጁ ፍሬን እስኪይዝ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ በደረቅና ሜዳማ አስፋልት ላይ ከዚያ በኋላ ለመቆም 12 ሜትር ገደማ ሲበቃው፣ በ10 በመቶ ቁልቁለት ላይ 15 ሜትር፣ ያው ቁልቁለት በዝናብ ከራሰ ደግሞ 30 ሜትር ሊያስፈልገው ይችላል። በቀጨኔና በሌሎች የጉለሌ መንደሮች የተነጠፈው ኮብልስቶን ሲርስ ከአስፋልት ይልቅ ያንሸራትታል፤ በእንጦጦ መንገድ ላይም የባሕር ዛፍ ቅጠል ከውሃ ጋር ተደባልቆ በመታጠፊያዎች ላይ ይከማቻል። በእነዚህ ቦታዎች ነጂው ከመታጠፊያው በፊት ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ፍጥነቱን ጨርሶ ቀንሶ፣ በመታጠፊያው ውስጥ ፍሬን ሳይነካ ማለፍ ይገባዋል። እግረኞችና ጭነት የተሸከሙ አህዮች በዚያው መንገድ ጠርዝ ሊወርዱ ስለሚችሉ ክላክስ ብቻውን መንገድ አያስለቅቅም።

ከሁሉም አደጋ መከላከያዎች በጥናት ጥቅሙ በግልጽ የተረጋገጠው የራስ ቁር፣ በተለምዶ ሄልሜት የሚባለው ነው። በርካታ ጥናቶችን አሰባስቦ የገመገመ ዓለም አቀፍ ሥራ እንዳሳየው፣ የራስ ቁር በሞተር ሳይክል አደጋ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ይቀንሳል። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን ማሰሪያው አገጭ ሥር ሲታሰርና ቁሩ በራስ ልክ ሲሆን ነው፤ ከኋላ የሚጫነውም ሰው የራሱ ቁር ያስፈልገዋል። አንድ ጊዜ ከባድ ምት ያረፈበት ቁር ውስጡ ያለው ምት የሚያለዝበው ስፖንጅ ስለሚጨመቅ ከውጭ ደህና ቢመስልም መለወጥ ይኖርበታል፤ በዚህ ምክንያት ያገለገለ ሞተር ሳይክል መግዛት ቁጠባ ሲሆን ያገለገለ የራስ ቁር መግዛት ቁጠባ አይደለም።

ከላይ የተባለው ሁሉ በአንድ የወጪ ቅደም ተከተል ሊጠቃለል ይችላል። ገዢው ከያዘው ገንዘብ ከአምስት እጅ አንዱን ከግዢው በፊት ለይቶ ያስቀምጣል፤ ከዚያም ውስጥ አስቀድሞ የሥልጠናውን፣ የመድኑንና የቦሎውን ይከፍላል፣ ቀጥሎ የራስ ቁር ይገዛል፣ ከዚያ የፍሬን ሸራና ጎማ ያስፈትሻል፣ በመጨረሻም ዘይትና ሰንሰለት ያስተካክላል። የሚያብለጨልጭ መብራት፣ አዲስ ቀለምና ጌጥ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚታሰቡ ናቸው። የተቀመጠው ገንዘብ ለእነዚህ የማይበቃ ከሆነ የተመረጠው ሞተር ሳይክል ለባለቤቱ አቅም ውድ ነው ማለት ስለሆነ፣ ከእርሱ የሚረክስ መፈለግ ወይም ግዢውን ማዘግየት ይሻላል።